በሦስተኛው ቀን ያለቀሰው ሕፃን

በደሴታችን የአየር ሁኔታ መከታተያ ጣቢያ ለሠላሳ ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ። በቀን ሦስት ጊዜ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓትና ምሽት ሦስት ሰዓት ላይ ቴርሞሜትሩን፣ የዝናብ መለኪያውንና የነፋሱን አቅጣጫ አነባለሁ፤ ያነበብኩትን እጽፋለሁ። ሥራችን ሁለት ሕጎች ነበሩት። ያየኸውን እንጂ የጠበቅከውን አትጽፍም። የተሳሳተ ቁጥር ደግሞ አይፋቅም፤ አንድ ቀጭን መስመር ይሰመርበትና ትክክለኛው ከበላዩ ይጻፋል። ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ማንም ሳያዘኝ ማንበቤን አላቆምኩም።

ስለዚህ በ1998 የጾም ወቅት እህቴ ፔሪና የቤተሰባችንን የትውልድ ሐረግ እንድሠራላት ስትጠይቀኝ፣ ሥራው ለእኔ የተገባ መስሎ ታየኝ።

“ትልቅ ወረቀት ላይ ይሁን” አለችኝ። “ከሩቅ የሚነበብ። የምሳው አዳራሽ ግድግዳ ላይ ነው የምሰቅለው። እንደዚያ እንደ ዝናብ መዝገብህ በትንኝ እግር እንዳትጽፍብኝ።”

ልጇ ዬርኮ ዲያቆን ነበር። ጁን 29፣ በቅዱስ ጴጥሮስና ጳውሎስ ቀን፣ ማዶ ባለችው በዛዳር ከተማ ካቴድራል ውስጥ ክህነት ይቀበላል፤ በሚቀጥለው እሑድ እዚህ መንደራችን የመጀመሪያ ቅዳሴውን ይቀድሳል፤ ከዚያ መቶ ሃያ ሰው ምሳ ይበላል። ፔሪና የበጎቹን ቁጥር ሳይቀር ከወዲሁ ወስናለች።

የእኛ ቤት፣ የባርቱሎቪች ቤት፣ በየትውልዱ አንድ ካህን ይሰጣል። ነገሩ የመጣው ከስእለት ነው። በ1782 ኦክቶበር ላይ ትኩሳት ደሴቲቱን ሲያጠፋት የማቲይና የፍራንካ ባርቱሎቪች አንድ ልጅ ሺሜ ታመመ። ፍራንካ ልጁን ታቅፋ ቤተክርስቲያን ገባች፤ ከእመቤታችን መሠዊያ ሥር አስተኛችው። ይህ ልጅ ከተረፈ፣ አለች፣ ከዘሩ በየትውልዱ የበኩር ልጁ የልጅሽ አገልጋይ ይሁን። ሕፃኑ ሁለት ቀን ሙሉ ድምፁ ጠፋ። በሦስተኛው ቀን አለቀሰ። እኛ ሁላችን ከዚያ ሕፃን ወረድን።

ፍራንካ የሠርግ ጉትቻዋን አስቀልጣ ያሠራችው፣ መዳፍ የሚያክል የብር ሰሌዳ እስከ ዛሬ መሠዊያው አጠገብ ተሰቅሏል። በጨርቅ የተጠቀለለ ሕፃን ተቀርጾበታል። ዓይኖቹ ተጨፍነዋል። ተኝቶ ነው ብለው ነበር በልጅነታችን የሚነግሩን። ከቤታችን የወጣ አዲስ ካህን የመጀመሪያ ቅዳሴውን ሲቀድስ ሰሌዳው ይወርድና ከልብሰ ተክህኖው ሥር አንገቱ ላይ ይንጠለጠላል። ስድስት አንገት ላይ ውሏል። ዬርኮ ሰባተኛው ነበር።

ስድስተኛው እኔ መሆን ነበረብኝ።

በአሥራ ሁለት ዓመቴ ዛዳር ወዳለው የዘርአ ክህነት ትምህርት ቤት ላኩኝ። በሁለተኛው ዓመት ፊደላት ይደበላለቁብኛል፣ ዓይኔን አሞኛል አልኩ። ሐኪሙም አመነኝ፣ አባቴም አመነኝ። ዓይኔ ደህና ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ታናሽ ወንድሜን ቪድን በእኔ ፈንታ ላኩት። ቪድ ስንሰናበት ጀልባው ጫፍ ላይ ተቀምጦ አጥሚት የመሰለ ነጭ ፊቱን ወደ እኔ አዞረና፣ “አሁንስ ዓይንህ ተሻለህ?” አለኝ። የተናገረው ከልቡ አዝኖልኝ ነበር።

ዶን ቪድ ሆነ፤ ካህኖቻችንን ዶን ብለን ነው የምንጠራቸው። ከባሕሩ ማዶ፣ ከተራራው ጀርባ፣ ድንጋይና ንፋስ ብቻ ያለበት አጥቢያ ላይ ቁምስና ሰጡት። ሃያ ሁለት ዓመት አገለገለ። በ1988 ጃንዋሪ ክፍሉ ውስጥ ሞቶ ከሁለት ቀን በኋላ ተገኘ። ለእኔ የደረሰኝ አንድ ሳጥን ነው፤ የጸሎት መጽሐፉ፣ ምላጩ፣ እና ድሮ የደሴታችን ካህናት መዝገብ ይጽፉበት የነበረው የግላጎሊት ፊደል በእጁ የተገለበጠበት አንድ ገጽ ወረቀት።

በዚያ ገጽ ነው ፊደሉን የተማርኩት። ጡረታ የወጣ ሰው ክረምቱን በአንድ ነገር መግፋት አለበት።

*

ፋሲካ ላይ ዬርኮ ለዕረፍት መጣ። ጀልባዬን ገልብጠን ሆዷን ቀለም እየቀባን ነበር። ሃያ አምስት ዓመቱ ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ ንግግሩ ቀስ ያለ።

“ባርባ” አለኝ፤ ትልልቅ ወንዶችን እንደዚያ ነው የምንጠራው። “ሐረጉ አለቀልዎት?”

“ገና ነኝ። የአያትህ አባት ጋ ደርሻለሁ። ምነው፣ እናትህ ላከችህ?”

“አይ፣ እኔው ነኝ።” ብሩሹን ቆርቆሮው ላይ ጠረገ። “አንድ ነገር ልጠይቅዎት? ግን ለእማዬ አይንገሩብኝ።”

“ለእናትህ የምነግረው የአየሩን ሁኔታ ብቻ ነው። እሱንም አታምነኝም።”

ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ።

“ሁሉም ጥሪህ እንዴት ነበር ብለው ይጠይቁኛል። መምህራኑ፣ ጓደኞቼ። አንዱ ሕልም አይቶ ነው የመጣ፣ አንዱ እናቱ መቃብር ላይ ቆሞ። እኔ ምን ልበል? ስወለድ ነው ተራዬ የደረሰ። ብፈልግ ባልፈልግ አላውቀውም፤ ራሴን ጠይቄው አላውቅም። ስጠይቅ ደግሞ ያ ሕፃን ይመጣብኛል። እግዚአብሔር ከሞት መለሰው፣ በእሱ ነው አንተ የተፈጠርከው፣ ምን መብት አለህ ይለኛል።”

“ማነው የሚልህ?”

“እንጃ። ድምፁ የእማዬን ይመስላል።” እንደገና ሳቀ። “ያ ነገር እውነት ከሆነ እገባበታለሁ፣ ባርባ። ቅር አይለኝም። ያ ብቻ ነው የያዘኝ። ስለዚህ በደንብ ያንብቡልኝ። እርስዎ ያላዩትን አይጽፉም።”

በደንብ አነባለሁ አልኩት። ምን እንደምገባለት አላወቅኩም ነበር።

*

የድሮዎቹ መዝገቦች በቁምስናው ቤት፣ ከወይራ ዘይት ጋኖች በላይ ባለ ቁምሣጥን ውስጥ ነበሩ። የቁምስናችን ካህን ዶን ብላዥ አርባ ዓመት ያልሞላው፣ ሆዱ ቀድሞት የሚሄድ ደስተኛ ሰው ነው። ጠረጴዛ መስኮቱ ሥር አደረገልኝ።

“ባርባ ፍራኔ፣ እንደ ቴርሞሜትር አፍጥጠው አይዩት እንጂ” አለኝ። “መዝገብ ትኩሳት የለውም።”

ከራሴ ተነስቼ ወደ ኋላ ሄድኩ። ለእያንዳንዱ ሰው ሦስት ማስረጃ እፈልግ ነበር፤ የክርስትናው፣ የጋብቻው፣ የሞቱ። እስከ 1830 ድረስ ሁሉም ቀጥ ብሎ ሄደ። ከዚያ በፊት ያሉት በግላጎሊት የተጻፉ ስለሆኑ፣ ከቪድ ሌላ ከቤታችን ያነበባቸው ሰው የለም።

የ1781ን የክርስትና መዝገብ ከፈትኩ። ፌብሩዋሪ 3 ቀን፣ ሺሜ፣ የማቲይ ባርቱሎቪችና የሕጋዊ ሚስቱ የፍራንካ ልጅ። ከስሙ አጠገብ ትንሽ መስቀል ተጽፋለች። መስቀሏ በሕፃንነቱ ሞተ ማለት ነው።

አልደነገጥኩም። በእኛ ዘንድ የሞተ ልጅ ስም መሬት ላይ አይቀርም፤ ለሚቀጥለው ልጅ ይሰጣል። ወንድሜ ቪድ ራሱ ሁለተኛው ቪድ ነው፤ የመጀመሪያው በአርባ ቀኑ ሞቷል። ሐረግ የሚሠራ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል፤ የሞተውን ይዘለውና ቀጣዩን ይፈልጋል። እኔም ሁለተኛውን ሺሜ ፍለጋ ገጾቹን መግለጥ ቀጠልኩ። ከእነዚያ ወላጆች የተወለደ ሌላ ልጅ በ1781 የለም። በ1782ም የለም። ኦክቶበር ላይ ስደርስ እንዲህ የሚል አገኘሁ፦

ኦክቶበር 14። ትናንት በእመቤታችን መሠዊያ ፊት ተጥሎ የተገኘ፣ ጥቂት ቀን የሆነው ወንድ ሕፃን አጠመቅኩ። ወላጆቹ አይታወቁም። ስሙ ሺሜ ተባለ። የክርስትና እናቱ ፍራንካ፣ የማቲይ ባርቱሎቪች ሚስት። ወደ ቤቷ ወስዳዋለች።

ቀና ብዬ መስኮቱን አየሁ። ከዚያ የሙታን መዝገብ እንዲያመጣልኝ ዶን ብላዥን ጠየቅኩት። የዚያ ወር ገጾች ከላይ እስከ ታች ስም ነበሩ፤ በአንድ ቀን ዘጠኝ፣ በአንድ ቀን አሥራ አንድ። ኦክቶበር 11፤ ሺሜ፣ የማቲይ ልጅ፣ ዕድሜው አንድ ዓመት ከስምንት ወር፣ በትኩሳት። በእመቤታችን መሠዊያ ሥር ተቀበረ።

አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት። በጣቴ ቆጠርኩት። በሦስተኛው ቀን እዚያ መሠዊያ ሥር አንድ ሕፃን አልቅሷል፤ ታሪኩ አልዋሸም። ያለቀሰው ግን ሌላ ሕፃን ነው።

አሁንም አንድ ማስረጃ ይጎድለኝ ነበር፤ የ1804ን የጋብቻ መዝገብ አየሁ። ሺሜ፣ ባርቱሎቪች የሚባለው፣ ከመሠዊያ ፊት የተገኘ። ሚስቱ፣ ልጆቹ፣ የልጆቹ ልጆች፣ እስከ እኔ ድረስ ጥርት ብሎ ይወርዳል።

ልጁ ከተረፈ ብላ ነበር የተሳለችው። ልጁ አልተረፈም። መንደሩ ሁሉ ያውቅ ነበር፤ የሚያውቁት አንድ በአንድ ሲሞቱ ነው ታሪኩ የተስተካከለው።

“ጨረሱ?” አለኝ ዶን ብላዥ ከበሩ። “ምነው፣ ከዘራችሁ የባሕር ወንበዴ ተገኘ እንዴ?”

“አይ” አልኩት። “ካህናት ብቻ ናቸው።”

*

ከሁሉ በፊት ለፔሪና መንገር ነበረብኝ። ጁን 15 ቀን ነው። ዩጎ የምንለው የደቡብ ነፋስ ከተነሳ አራት ቀን ሆኖታል፤ ግድግዳው ሁሉ ያልበዋል። ፔሪና ወጥ ቤቷ ውስጥ እንደ ሪባን የተቆረጠ ሊጥ እያሰረች ዘይት ውስጥ ትጨምራለች። የሠርግና የክህነት ጣፋጫችን ነው፤ ክሮሽቱሌ እንለዋለን። ጠረጴዛው ላይ በብራና ወረቀት የተሸፈኑ ሰባት የቆርቆሮ ሣጥኖች ተደርድረዋል።

“አትንካ፣ ለእንግዳ ነው” አለችኝ ገና ሳልቀመጥ። “ወረቀቱስ?”

ነገርኳት። ቀኖቹን፣ ቁጥሮቹን፣ ሦስቱን መዝገቦች። ሳልጨምር ሳልቀንስ። ዘይቱ እስኪጨስ ድረስ ማንኪያዋን ይዛ ቆማ ሰማችኝ። ከዚያ ምድጃውን አጠፋች።

“ለማን ተናገርክ?”

“ለማንም።”

“በጎ። ወረቀቱ ላይ ሺሜ ብለህ ጻፍ። ስሙ ሺሜ አይደል? አልዋሸህም።”

“ፔሪና…”

“ሁለት ሳምንት ነው የቀረው። ካህን ይሁን፣ ከዚያ ንገረው፤ እኔው እነግረዋለሁ ከፈለግክ። እግዚአብሔር አንዱን ወሰደ፣ ሌላውን እመሠዊያው ላይ አስቀመጠላት። ተአምር አይደለም ይሄ? ማን ነው ያስቀመጠው?”

“አንዲት ችግረኛ ሴት ናት ያስቀመጠችው።”

“እሷንስ ማን ላካት?”

አንዱን ሣጥን ገፋ አድርጌ ክርኔን ጠረጴዛው ላይ አሳረፍኩ። 

“ልጁ ጠይቆኛል” አልኳት። “አሁን ካልነገርኩት፣ በኋላ ብነግረው ዋጋ የለውም።”

ያን ጊዜ ነው ዞራ ያየችኝ። እጇ እስከ ክርኗ ዱቄት ነው።

“አንተ! የዓይን በሽተኛው! ሠላሳ ስምንት ዓመት ያችን የምታክል የቴርሞሜትር ክር ያነበበ ዓይን! ቪድን አስበላኸው። አፈር ገባ። አሁን ደግሞ የእኔን ልጅ ልታስጥለኝ? ምን አድርገንሃል እኛ?”

“ቪድ በከንቱ ሄደ ማለት ነው፣ አይገባሽም? መሄድ አልነበረበትም። ማናችንም…”

“ቪድ የሄደው በአንተ ፈንታ ነው” አለች። ድምፅዋ ዝቅ ብሎ ነበር። “መዝገብ አያስፈልገውም እሱ። ውጣልኝ አሁን፣ ሊጡ እየደረቀ ነው።”

*

አንድ ንባብ ሲያጠራጥረኝ ሁለት ጊዜ አነባለሁ። ፔሪና ስላስለቀሰችኝም ይሆናል፣ በማግስቱ ጠዋት ተመልሼ ቁምስናው ቤት ሄድኩ። ተሳስቼ ብሆን ደስ ባለኝ ነበር። ፀሐዩ ገና ዝቅ ብሎ ስለነበር ብርሃኑ በገጹ ላይ በአግድም ይወድቃል፤ ባለፈው በቀትር ያላየሁት ነገር ታየኝ። ከተጣለው ሕፃን ክርስትና አጠገብ፣ ኅዳጉ ላይ፣ በእርሳስ ተጽፎ በላጲስ የተደመሰሰ ጽሑፍ አለ። እርሳሱ ጠፍቷል፤ የጫነበት ቦታ ግን ጎድጉዶ ቀርቷል። መጽሐፉን አዘንብዬ አነበብኩት።

9.8.1970። ዛሬም ቀድሻለሁ።

የሰባት ቁጥር ወገቧ ላይ መስመር አላት፤ መስመሯ ወደ ቀኝ ታዘነብላለች። ከአባታችን ቤት አንድ ሰው ብቻ ነው ሰባትን እንደዚያ የሚጽፍ።

በ1970 ቪድ ካህን ከሆነ አራት ዓመቱ ነበር። በጋውን ለዕረፍት እዚህ መጥቶ ነበር፤ ይህን አስታውሳለሁ። ቤቴ ሄጄ የዚያን ዓመት መዝገቤን ከቁምሣጥን አወጣሁ። ኦገስት 9፣ እሑድ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ሠላሳ አንድ ዲግሪ። ነፋስ የለም። ሰማዩ ጥርት ያለ።

ያ ብቻ ነው የተጻፈው። ያን ቀን ምሳ አብረን ሳንበላ አንቀርም፤ እሑድ እሑድ አብረን ነበር የምንበላው። ፊቱ ምን ይመስል እንደነበር ለማስታወስ ረጅም ሰዓት ተቀመጥኩ። ሠላሳ አንድ ዲግሪ እንጂ ሌላ አልመጣልኝም።

*

ዬርኮ ጁን 18 ቀን በመርከብ መጣ። ከዛዳር ጀምሮ የያዘውን ሻንጣ እንኳ እቤቱ ሳያደርስ ወደ ቁምስናው ቤት ወሰድኩት። እናቱ ወደብ ላይ ነበረች። ከእኔ ጋር ሲሄድ አይታ አልጠራችውም።

መዝገቦቹን ከፈትኩለት። ፊደሉን አያነብም፤ ጣቴን ከቃል ቃል እያሳለፍኩ አነበብኩለት። የመጀመሪያው ሺሜ። መስቀሏ። ሞቱ። ሁለተኛው ሺሜ። ጋብቻው።  ስጨርስ የወንድሜን የእርሳስ ፈለግ ብርሃኑ እስኪይዘው አዘንብዬ አሳየሁት፤ ይህን ራሱ አነበበው።

“ዛሬም ቀድሻለሁ” አለ ዝግ ብሎ። “ከዚያስ በኋላ?”

“አሥራ ስምንት ዓመት ቀደሰ።”

“ለማንም ሳይናገር?”

“ለማንም።”

ወደ መስኮቱ ሄደ። ከታች ልጆች ኳስ ይለጋሉ፤ ዶን ብላዥ መስታወቱን ብትሰብሩ ወዮላችሁ እያለ በጣቱ ይዝትባቸዋል።

“ደስ ብሎት ነበር?” አለኝ ዬርኮ። “ያን ቀን? አዝኖ ነበር? እርስዎ አብረውት ነበሩ።”

“አላውቅም።”

“እንዴት አያውቁም? ወንድምዎ አይደል?”

“ሙቀቱን ነው የጻፍኩት።”

አፍጥጦ አየኝ። የተቆጣ መስሎኝ ነበር፤ ግን አልተቆጣም። ትልቅ ሰው ሕፃን ልጅ ወድቆ ሲያይ እንደሚያየው ነበር ያየኝ።

“ባርባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት? ይህን ሁሉ የሚያሳዩት ለማን ነው? ለእኔ ነው ወይስ ለዶን ቪድ?”

“ጠይቀኸኝ ነበር” አልኩ። “በጀልባው ጊዜ።”

“ጠይቄያለሁ። አልካድኩም።” የሙታኑን መዝገብ በጥንቃቄ ዘጋው። “ሲገርም! ከስድስቱ እያወቀ የቀደሰ እሱ ብቻ ነው። ሌሎቹ ተራቸው ደርሶ ነው። እኔም ተራዬ ደርሶ ነበር።”

“አንተም እንደሱ ማድረግ ትችላለህ።”

ይህን ለምን እንዳልኩ እንጃ። ምናልባት ለፔሪና ብዬ ይሆናል። ወይም ወንድሜ ትክክል ነበር ሲባል ከሰው አፍ ለመስማት ፈልጌ ነው።

“እችል ይሆናል” አለ። “ግን እሱ ቀድሞ ገብቶበት ነው ያወቀው፤ ከውስጥ ሆኖ ነው የመረጠው። እኔ ደጅ ላይ ነኝ። የያዘኝ ያ ሕፃን ብቻ ነው ብዬዎት ነበር። አሁን እጄን ዘርግቼ ስፈልገው ማንም የለም፤ ጳጳሱ ፊት ተደፍቼ፣ የቅዱሳን ሁሉ ስም እየተጠራልኝ፣ ማንም ሳይኖር እሺ ልበል? ልዋሽ?”

“እግዚአብሔርስ?”

“እሱን ነው እኮ የምልዎት። እስካሁን በሺሜ በኩል ነው የምናናግረው። አሁን ራሴ ልጠይቀው ነው። ሊመልስልኝም ይችላል፣ ላይመልስም ይችላል። በአሥር ቀን ግን አይደርስም።” ሻንጣውን አነሳ። “የማታው መርከብ በስንት ሰዓት ነው?”

“እናትህ ወደብ ላይ ናት።”

“አውቃለሁ። በእሷ በኩል ነው የማልፈው።”

አብሬው ልውረድ አልኩት። አይሆንም አለኝ። ከመስኮቱ ቆሜ አየሁ፤ ወደቡ ላይ ሻንጣውን መሬት አድርጎ ሲያናግራት፣ እሷም ከኮቱ ላይ አንዲት የማትታይ ነገር ስታራግፍለት፣ ደጋግማ ስታራግፍለት። ከዚያ እጇ ቆመ።

*

ሊቀ ጳጳሱ ጊዜ ውሰድ ብለውት እንደነበር በኋላ ሰማሁ። አልተመለሰም። ሪየካ ወደብ ላይ የጭነት ሥራ ይዟል። ኖቬምበር ላይ አንድ ደብዳቤ ጽፎልኛል፤ ስለ ክፍሉ፣ ስለ ዝናቡ። መጨረሻው ላይ፣ “እሑድ እሑድ አስቀድሳለሁ፤ ከኋላ ነው የምቆመው። ገና አልተመለሰልኝም” ይላል። መጠየቁን ግን እንዳልተወ ከዚያች ገና ከምትለው ቃል ተረድቻለሁ።

የጁን 29 ጠዋት ደጄን ስከፍት ሰባቱ የቆርቆሮ ሣጥኖች ደረጃው ላይ ተደርድረው አገኘኋቸው። የመቶ ሃያ ሰው ክሮሽቱሌ ነው። ወረቀት የለ፣ ቃል የለ። ብቻዬን መብላት አልችልም፤ መጣልም አልቻልኩም። በዩጎው እርጥበት ልፍስፍስ ብሎ እስኪያልቅ ድረስ ጓዳዬ ተቀመጠ።

ሐረጉን ግን ጨርሻለሁ። ከላይ የማቲይና የፍራንካ ልጅ ሺሜ ብዬ ጽፌ ነበር፤ አንድ ቀጭን መስመር አሰመርኩበትና ከበላዩ ጻፍኩ፦ ሺሜ፣ ወላጆቹ አይታወቁም። ከታች ለዬርኮ ያሰመርኩት ሣጥን ባዶውን ነው። ወረቀቱን የሚሰቅለው የለም፤ ተጠቅልሎ ከቪድ ምላጭ ጋር ተቀምጧል።

የብር ሰሌዳው እንደተሰቀለ ነው። እሑድ እሑድ ከፊቱ ተቀምጬ አየዋለሁ። ብሩን የሠራው ሰው የዓይኑን ቆብ በሁለት ጭረት ነው የዘጋው፤ አፉንም እንዲሁ፣ በአንድ ቀጥ ያለ ጭረት። የተኛ ልጅ አፍ እንደዚያ አይገጥምም። ስድሳ ዓመት ሙሉ ሳየው ኖሬ ይህን አላየሁም። ፍራንካ ያልተመለሰላትን ልጅ ነው ያስቀረጸችው፤ ጉትቻዋን ለእሱ ነው የሰጠችው፤ ስእለቷን ግን ለሌላው ልጅ ብላ ጠበቀች። ለምን? መዝገቡ ይህን አይናገርም።

ፔሪና ከቅዳሴ በኋላ በአጠገቤ ታልፋለች። እስካለፈው ዓመት ድረስ ከሩቅ “አንተ ሰውዬ፣ ነገ ልብስ ላጥብ ወይስ ይዘንባል?” ብላ የምትጮህብኝ ሴት ናት። ባለፈው እሑድ በሩ ጠባብ ስለሆነ ፊት ለፊት ተገናኘን። ሻርፕዋን አስተካከለችና፣ “እንደምን አደሩ” አለችኝ። እንደ እንግዳ፣ እንደ ከተማ ሰው። እኔም “ደህና አደርሽ” አልኳት። 

ቤቴ ገብቼ መዝገቤን ከፈትኩ። የጠዋቱ ንባብ ተጽፏል፤ አሥራ አንድ ዲግሪ፣ ዩጎ፣ ዝናብ የለም።  ከዚያ ኅዳጉ ላይ፣ በሥራ ዘመኔ ሁሉ ምንም ጽፌበት በማላውቀው ቦታ፣ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ ፔሪና። ጥቁር ሻርፕ። ከስታለች። ዓይኗ ሥር አብጧል። ቀና ብላ አላየችኝም።